አንድን መብራት ከታችም ከላይም፦ የቱ ዌይ ማብሪያ ማጥፊያ አዘረጋግ ከሀ እስከ ፐ

የጂ+1 ቤት ደረጃ መብራት የሚበራውና የሚጠፋው ከታች ብቻ ከሆነ፣ ማታ ለመተኛት የሚወጣ ሰው ሁለት ምርጫ ነው ያለው። ወይ መብራቱን ሲበራ ያሳድረዋል፣ ወይ አጥፍቶ ግድግዳ እየዳበሰ ይወጣል። ብዙ ቤት ሁለተኛውን ለምዶታል። አያቶችም፣ ሕፃን ያቀፈች እናትም፣ የጀበና ረከቦት የያዘች ልጅም በጨለማ ደረጃ ይረግጣሉ። ይህ ሁሉ የሚቀረው በሁለት ማብሪያ ማጥፊያና በጥቂት ሜትር ሽቦ ነው።

ነገሩ ለደረጃ ብቻ አይደለም። አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ በቀሩት የድሮ ቤቶች ደረጃው በበረንዳ በኩል፣ ከቤት ውጭ የሚወጣበት አለ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የመኝታ ቤት መብራት ከበሩ አጠገብ በርቶ ከራስጌ ቢጠፋ ትልቅ እረፍት ነው። ግቢ ያለው ሰው ደግሞ የአጥሩን መብራት ከውጭ በርም ከሳሎንም ማዘዝ ይፈልጋል። የሁሉም አሠራር አንድ ነው።

ገና ከመጀመሪያው ልትይዙት የሚገባው ነገር ይህ ነው። ፌዝ፣ ማለትም ኃይል ይዞ የሚመጣው ሽቦ፣ ወደ አንዱ ማብሪያ ይገባል። ከሌላኛው ማብሪያ ወደ አምፖሉ ይወጣል። ኒውትራል፣ ማለትም መመለሻው ሽቦ፣ ግን በቀጥታ አምፖሉ ጋ ይሄዳል እንጂ ማብሪያ ውስጥ አይገባም። በከተማችን ከዚህ ውጪ የተሠሩ ብዙ መስመሮች አሉ። ባለቤቱ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስም አንድ ነው፦ «ይበራል እኮ!» አዎ፣ ይበራል። አምፖሉ መብራቱ ብቻ ግን መስመሩ ትክክል ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች አሳያችኋለሁ።

ከኤሌክትሪክ ጋር ትውውቅ ከሌላችሁ ሥራውን ለባለሙያ ስጡ። ያኔም ቢሆን ይህን ማንበባችሁ አይጎዳም። ምን እንደምታሠሩ አውቃችሁ፣ ሲያልቅም ፈትሻችሁ ትረከባላችሁ።

ውስጡ ምን ይመስላል?

ተራው ማብሪያ፣ ሱቅ ውስጥ ዋን ዌይ የሚሉት፣ ከኋላው ሁለት የሽቦ ቀዳዳ አለው። ሲጫኑት ሁለቱን ያገናኛል፣ ሲመልሱት ይለያያል። ቱ ዌይ ግን ሦስት ቀዳዳ አለው። አንዱ ኮመን ይባላል። ሌሎቹ ሁለቱ ኤል 1 እና ኤል 2 ናቸው። ኮመኑ ምንጊዜም ከሁለቱ ከአንዳቸው ጋር የተገናኘ ነው። ሲጫኑት ከኤል 1 ወደ ኤል 2 ይዛወራል፣ በቃ። ለብቻው ካያችሁት «የጠፋ» የሚባል ቦታ የለውም።

አሁን ሁለት ቱ ዌይ እንውሰድ። የአንዱን ኤል 1 ከሌላው ኤል 1፣ ኤል 2ን ከኤል 2 በሽቦ እናገናኝ። እነዚህን ሁለት ሽቦዎች አገናኝ ሽቦ እንበላቸው። ከአራት ኪሎ ፒያሳ የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች ብቻ አሉ፣ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ትራፊክ ቆሟል ብላችሁ አስቡ። እያንዳንዱ ትራፊክ በአንድ ጊዜ አንዱን መንገድ ብቻ ይከፍታል። ሁለቱም ያንኑ መንገድ ከከፈቱ መኪናው ያልፋል። አንዱ የላዩን፣ ሌላው የታችኛውን ከከፈተ መኪናው መሐል ላይ ይቀራል። ከሁለቱ አንዱ ሐሳቡን በቀየረ ቁጥር የቆመው ያልፋል፣ የሚያልፈው ይቆማል።

ሁለት ማብሪያዎች አራት ዓይነት አቀማመጥ ይኖራቸዋል። በሁለቱ መብራቱ ይበራል፣ በሁለቱ ይጠፋል። ስለዚህ ቱ ዌይ ላይ «ወደ ታች ሲሆን ጠፍቷል» የሚባል ነገር የለም። ከሁሉም በላይ ልብ በሉ፦ መብራቱ ጠፍቶም ቢሆን ከሁለቱ አገናኝ ሽቦዎች አንዱ ምንጊዜም ፌዝ አለበት። ማብሪያውን ስላጠፋችሁ ብቻ ሽቦውን መንካት አትችሉም።

ምን ይገዛ?

መርካቶ ግቡ ወይም ሠፈራችሁ ካለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ጠይቁ። «ባለ ሁለት ማብሪያ» ካላችሁ ግን ፊቱ ላይ ሁለት ቁልፍ ያለው፣ ሁለት መብራት ለየብቻ የሚያበራው ሊሰጣችሁ ይችላል። እናንተ የምትፈልጉት ቱ ዌይ ነው፤ ፊቱ ላይ አንድ ቁልፍ፣ ከኋላው ሦስት ቀዳዳ። ከፍላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ገልብጣችሁ ቁጠሩ። መብራቱን ከሦስት ቦታ ለማዘዝ ካሰባችሁ ደግሞ ኢንተርሚዲየት የሚባል አንድ ማብሪያ ትጨምራላችሁ። እሱ አራት ቀዳዳ አለው። ሁሉም ሱቅ ስለማይዘው ቀድማችሁ ብታፈላልጉት ይሻላል።

ሽቦው ባለ 1.5 የመዳብ ሽቦ ይሁን፤ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ማለት ነው። አንድ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በ220 ቮልት ከ0.05 አምፔር በታች ነው የሚወስደው። ታዲያ ቀጭን ሽቦ ለምን አይበቃም? ብሬከሩ (ኃይል ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጠው) የሚጠብቀው ሽቦውን ነው እንጂ አምፖሉን አይደለም። የመብራት መስመር ብሬከር አብዛኛውን ጊዜ 10 አምፔር ነው። አንድ ቀን ሽቦ ከሽቦ ቢነካካ፣ ብሬከሩ እስኪወድቅ ድረስ ሽቦው ሳይቀልጥ መቆየት አለበት።

ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሽቦም አለ። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ከቀዩ ሥር ነጭ ከታየ መዳብ አይደለም፣ ተዉት። እንዲህ ያለው ሽቦ ብሎን ሥር ሲጠብቅ ይሳሳል፤ ከጊዜ በኋላ ይላላል፣ ይሞቃል።

ቀለም መለየት ሥራውን በግማሽ ያቀለዋል። ለፌዝ ቀይ ወይም ቡናማ፣ ለኒውትራል ሰማያዊ፣ ለግራውንድ (ወደ መሬት ለሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) አረንጓዴና ቢጫ ቅልቅል ያዙ። ለአገናኝ ሽቦዎቹ ከነዚህ የተለየ ቀለም ብታገኙ ጥሩ ነው። ካጣችሁ ሁለቱንም ጫፍ ላይ በባለ ቀለም ናስትሮ ምልክት አድርጉ። አረንጓዴና ቢጫውን ግን «ተርፎኛል» ብላችሁ ለአገናኝ እንዳትጠቀሙበት። በኋላ የሚመጣ ሠራተኛ ግራውንድ መስሎት ይይዘዋል።

ከመሣሪያ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሽቦ መላጫ፣ ናስትሮ፣ ሞርሴቶ (የሽቦ ማገናኛ) እና መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) በቂ ነው። ባለ መብራት ቴስተር ካቻቢቴ ለቅድሚያ ምልክት ይረዳል። ሕይወታችሁን ግን እሱ ላይ አትጣሉ። በደረቅ ወለል ላይ ወፍራም ጫማ አድርጋችሁ ስትቆሙ፣ ወይም ክፍሉ ውስጥ ፀሐይ ሲገባ፣ ቢበራም ላይታያችሁ ይችላል።

ከመንካታችሁ በፊት

የአዲስ አበባ ሰው አንድ አደገኛ ልማድ አለው። መብራት ሲጠፋ «አሁን መብራት የለም፣ እስኪመጣ ልሥራት» ይላል። መብራቱ ሲመለስ ግን አስታውቆ አይመጣም። እጃችሁ ሽቦው ላይ ሳለ ይመጣል። ሠፈሩ በሙሉ ጨለማ ቢሆንም እንኳ ብሬከሩን አውርዱ።

ብሬከሩን ካወረዳችሁ በኋላ ናስትሮ ለጥፉበት። ለቤተሰቡም ተናገሩ፦ «እኔ ሳልነግራችሁ ማንም እንዳይነካው።» ኢንቨርተር ወይም ጄኔሬተር ያለበት ቤት ከሆነ እሱንም ለዩ። በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ አንድ ቆጣሪ የሚጋራ ከሆነ ደግሞ የናንተ ክፍል መስመር በየትኛው ብሬከር እንደሚያልፍ ቀድማችሁ እወቁ። የጎረቤት ቤት ውስጥ ያለ ብሬከር ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ መፈተሽ ነው። አሠራሩ ሦስት ደረጃ አለው፣ አንዱም አይዘለልም። መጀመሪያ መልቲሜትሩን ኃይል እንዳለው በምታውቁት ሶኬት ላይ ሞክሩ። 220 አካባቢ ካነበበ ይሠራል። ከዚያ የምትሠሩበትን ሽቦ ለኩ፤ ፌዝን ከኒውትራል፣ ፌዝን ከግራውንድ፣ ኒውትራልን ከግራውንድ። ሁሉም ዜሮ መሆን አለበት። መጨረሻ ላይ ወደዚያው ሶኬት ተመለሱና መልቲሜትሩ አሁንም እንደሚያነብ አረጋግጡ። መሐል ላይ ባትሪው ቢያልቅ ወይም ገመዱ ቢነቀል ዜሮው የውሸት ዜሮ ይሆናል።

በድሮ ቤት ውስጥ ቀለም አትመኑ። ጥቁር በቀድሞው አሠራር ኒውትራል ነበር። በአሁኑ ዓለም አቀፍ አሠራር ደግሞ ከፌዝ ቀለሞች አንዱ ነው። በጨርቅ የተሸፈነ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር የድሮ ሽቦ ካጋጠማችሁ አዲስ ማብሪያ አትቀጥሉበት። መስመሩ በሙሉ ይቀየር። ቆጣሪውና ከቆጣሪው በፊት ያለው ሁሉ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ፕሎምቡን (ማኅተሙን) አትንኩ።

አዲስ መስመር ስትዘረጉ

የጂ+1 ቤት ደረጃን እንያዝ። የብሬከር ሳጥኑ ምድር ቤት ነው። አንድ ማብሪያ ከደረጃው ሥር፣ አንዱ ከላይ ነው። አምፖሉ ከላይኛው ኮርኒስ ላይ ነው።

1. ወረቀት ላይ ሣሉት። ሁለት ማብሪያ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ፌዝ፣ አንድ ኒውትራል። እያንዳንዱን ሽቦ ከየት ወደ የት እንደሆነ በመስመር አገናኙ። አምስት ደቂቃ የማይወስድ ሥራ ነው፣ ግን ግድግዳ ሁለት ጊዜ ከመቦርቦር ያድናል።

2. በየቱቦው ስንት ሽቦ እንደሚያልፍ ቁጠሩ። ፌዝና ኒውትራል ከታች የሚመጡ ከሆነ፣ ከታችኛው ወደ ላይኛው ማብሪያ በሚሄደው ቱቦ አራት ሽቦ ያልፋል፦ ሁለት አገናኝ፣ አንድ ኒውትራል፣ አንድ ግራውንድ። ኒውትራሉና ግራውንዱ የላይኛውን ማብሪያ ሳይነኩ አልፈው ወደ አምፖሉ ይሄዳሉ። ቱቦው ከጠበበ በግድ አታስገቡ፤ ሲጎተት ላስቲኩ ይላጣል።

3. የማብሪያዎቹን ቦታ ምረጡ። ከወለል 1.2 ሜትር አካባቢ፣ ሰው ደረጃውን ከመርገጡ በፊት እጁ የሚደርስበት ይሁን። ብዙ ጊዜ የላይኛው ማብሪያ ከደረጃው ራቅ ብሎ ይተከላል። ያኔ ሰው በጨለማ ሁለት ሦስት እርምጃ ይሄዳል፣ የደረጃው አፍ ደግሞ እዚያው ነው። ከአፉ አጠገብ፣ በር ሲከፈት በማይሸፍነው ጎን አድርጉት።

4. ብሎኬቱን ቦርቡራችሁ ቱቦውንና ሳጥኑን ትከሉ። የጭቃ ቤት ከሆነ ግድግዳውን ባትጎዱት ይሻላል፤ በፕላስቲክ ካናል ከላይ ማስኬድ ይቻላል።

5. ሽቦዎቹን ሳቡ። በየሳጥኑ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ተዉ። ሽቦው አጥሮ ከግድግዳ ጋር መታገል ለላላ ብሎን የመጀመሪያው ምክንያት ነው።

6. ኮመኑን ለዩ። አንዳንዱ ማብሪያ ላይ ተጽፏል፣ አንዳንዱ ላይ የብሎኑ ቀለም የተለየ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ሁለቱ የአገናኝ ቀዳዳዎች በቀስት ይታወቃሉ። ምንም ምልክት ከሌለው መልቲሜትሩን ሲገናኝ ድምፅ የሚሰጠው ላይ አድርጉት። የሚጮኹትን ሁለት ቀዳዳዎች ፈልጉ። ከዚያ ማብሪያውን ተጫኑና እንደገና የሚጮኹትን ሁለት ፈልጉ። በሁለቱም ጊዜ የነበረው ቀዳዳ ኮመኑ ነው። ሦስት ቀዳዳዎች በአንድ ረድፍ ስላሉ ብቻ የመሐሉን ኮመን ነው ብላችሁ አትገምቱ።

7. ከብሬከሩ የመጣውን ፌዝ የታችኛው ማብሪያ ኮመን ላይ እሰሩ። የታችኛውን ኤል 1 እና ኤል 2 በአገናኞቹ ከላይኛው ኤል 1 እና ኤል 2 ጋር አገናኙ። ሁለቱ አገናኞች ቢቀያየሩ ችግር የለውም፤ ማብሪያው የሚያበራበት ጎን ብቻ ነው የሚቀየረው። ከላይኛው ማብሪያ ኮመን አንድ ሽቦ ወደ አምፖሉ ውሰዱ።

8. አምፖል መያዣው ላይ ይህ ሽቦ መሐል ላይ ካለው መንኪያ ጋር ይታሰር። ኒውትራሉ የአምፖሉ ጥርስ ከሚዞርበት ክፍል ጋር ይሁን። ተገልብጦ ከታሰረ፣ አምፖል ስትቀይሩ ጣታችሁ የሚነካው ጥርስ ፌዝ ይሆናል። የመብራቱ አካል ብረት ከሆነ ግራውንዱ እሱ ላይ ይታሰራል።

9. እያንዳንዱን ሽቦ ካሰራችሁ በኋላ ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩ። ከቀዳዳው ውጪ የተራቆተ መዳብ መታየት የለበትም። ላስቲኩ ደግሞ ብሎኑ ሥር ገብቶ መዳቡን እንዳይከለክለው ተጠንቀቁ።

ደረጃው ከቤት ውጭ ከሆነ ውሃ የማያስገባ ማብሪያና መብራት ግዙ። ቱቦው ወደ ሳጥኑ ከሥር ይግባ። ከላይ ከገባ የክረምት ዝናብ ቱቦውን ተከትሎ ቀጥታ ማብሪያው ውስጥ ይወርዳል።

ያለውን አንድ ማብሪያ ወደ ሁለት መቀየር

አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ይህን ነው። ቤቱ ተሠርቷል፣ ታች አንድ ማብሪያ አለ፣ ላይ መጨመር ይፈለጋል። ኮርኒስ ማፍረስ አያስፈልግም።

የድሮውን ማብሪያ ስትፈቱ ሁለት ሽቦ ታገኛላችሁ። አንዱ ፌዝ ነው፣ ሌላው ወደ አምፖል የሚሄደው። ከዚህ ማብሪያ እስከ አዲሱ ቦታ ሦስት ሽቦ ዘርጉ። የድሮውን በቱ ዌይ ተኩ። ከዚያ ኮመንን ከኮመን፣ ኤል 1ን ከኤል 1፣ ኤል 2ን ከኤል 2 በሦስቱ ሽቦዎች አገናኙ። ነባሩን ፌዝ በታችኛው ማብሪያ ኤል 1 ላይ ከአገናኙ ጋር አብራችሁ እሰሩ። ወደ አምፖል የሚሄደውን ደግሞ በኤል 2 ላይ እንዲሁ። አለቀ። ሁለቱ ማብሪያዎች ወደተለያየ ጎን ሲሆኑ ፌዝ በኮመኑ ሽቦ ተሻግሮ ወደ አምፖሉ ይደርሳል። ሁለቱም አንድ ጎን ሲሆኑ ይቋረጣል።

ይህን ዘዴ የምወደው ኒውትራሉን ማንም ስለማይነካው ነው። በነበረበት፣ ኮርኒስ ላይ ይቀራል። ሥራው በሙሉ በሁለት ማብሪያ ሳጥን ውስጥ ያልቃል። ሁለት ሽቦ በአንድ ቀዳዳ ሲገባ ሁለቱም መጥበቃቸውን ለየብቻ ሳብ አድርጋችሁ አረጋግጡ። ቀዳዳው ካልበቃ በሞርሴቶ አጣምሩና አንድ ሽቦ ብቻ አስገቡ።

ሦስተኛ ቦታ ስትጨምሩ

ረጅም ኮሪደር ወይም ጂ+2 ቤት ሲሆን ኢንተርሚዲየት ይመጣል። ሁለቱ ጫፎች ላይ ቱ ዌዮቹ እንደነበሩ ይቀራሉ። ኢንተርሚዲየቱ መሐል ገብቶ ሁለቱን አገናኝ ሽቦዎች ይቆርጣቸዋል። ሁለቱ በአንድ ወገን ይገባሉ፣ በሌላው ወገን ይወጣሉ። በአንድ አቀማመጥ ቀጥታ ያሳልፋቸዋል፣ በሌላው ያጠላልፋቸዋል። አራተኛ፣ አምስተኛ ቦታም ከፈለጋችሁ መሐል ላይ ኢንተርሚዲየት መጨመር ብቻ ነው።

ሰው የሚሳሳተው ወገኑን ሲለይ ነው። አንዳንዱ ኢንተርሚዲየት መግቢያው ከላይ፣ መውጫው ከታች ነው፤ አንዳንዱ በግራና በቀኝ ነው። በመልቲሜትር ለዩት። አንዱን ቀዳዳ ያዙና ከሌሎቹ ሦስት ጋር በሁለቱም አቀማመጥ ሞክሩ። ከሁለቱ ጋር እየተፈራረቀ ይጮኻል፣ ከአንዱ ጋር ግን በጭራሽ አይጮኽም። ያ የማይጮኸው የራሱ ወገን ነው። ከታች የመጡት ሁለቱ አገናኞች እነዚህ ሁለቱ ላይ ይታሰራሉ፣ የሚቀጥሉት ሁለቱ በቀሩት ላይ። ቀደም ሲል ባየነው የሦስት ሽቦ ዘዴ ከሆነ ኢንተርሚዲየቱ በኤል 1 እና ኤል 2 መሐል ይገባል፣ የኮመኑ ሽቦ ሳይቆረጥ ያልፋል።

«ይበራል እኮ» ሲሏችሁ

አሁን መጀመሪያ ወዳነሣሁት ልመለስ። ሽቦ ለመቆጠብ ተብሎ የሚሠሩ ሁለት ነገሮች አሉ። ሁለቱም ያበራሉ። ሁለቱንም አትቀበሉ።

አንደኛው፣ ፌዝና ኒውትራልን በሁለቱም ማብሪያዎች ኤል 1 እና ኤል 2 ላይ አስሮ አምፖሉን በሁለቱ ኮመኖች መሐል ማንጠልጠል ነው። ከላይም ከታችም በቅርብ ሶኬት ካለ አገናኝ ሽቦ መሳብ ስለሚቀር ለሠራተኛው ይቀልለዋል። ችግሩ ይህ ነው፦ መብራቱ የሚጠፋው ሁለቱም የአምፖሉ ጫፎች ፌዝ ሲሆኑም ነው። አምፖሉ ጠፍቷል፣ መያዣው ግን በሁለቱም በኩል ሙሉ ኃይል አለው። አምፖል ልትቀይር ወንበር ላይ የወጣች እህታችሁ መጥፋቱን አይታ ትነካዋለች። በተጨማሪ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ውስጥ ፌዝና ኒውትራል ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ውስጧ ሲያረጅ ሾርት ለመፍጠር ቅርብ ናት።

ሁለተኛው ከሌላ መስመር ኒውትራል መበደር ነው። ባለፎቅ ቤት ላይ የታች መብራቶች በአንድ ብሬከር፣ የላዮቹ በሌላ ይሆናሉ። ሠራተኛው ለደረጃው መብራት ፌዝን ከታች፣ ኒውትራልን ግን ቅርብ ስለሆነለት ከላይኛው መስመር ይወስዳል። ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው የላይኛውን ብሬከር አውርዶ ኒውትራሉን ይፈታል። የደረጃው መብራት በርቶ ከነበረ ያ የተፈታው ጫፍ በአምፖሉ በኩል ፌዝ ይመጣበታል። ብሬከር አውርዷል፣ ግን ይይዘዋል። ለየመስመሩ የተለያየ የኃይል ፍሳሽ (ሊኬጅ) መከላከያ ብሬከር የገጠመ ቤት ከሆነ ደግሞ መብራቱ በበራ ቁጥር ብሬከሩ ይወድቃል፤ ሰውም ብሬከሩ ተበላሽቷል ብሎ ያወጣዋል። ፌዝና ኒውትራል ከአንድ ብሬከር መስመር ይውጡ፣ አብረው ይሂዱ።

ፍተሻና የተለመዱ ችግሮች

ብሬከሩን ከማንሣታችሁ በፊት ሳጥኖቹን ክደኑ። ከዚያ አራቱንም አቀማመጥ ሞክሩ፦ ከታች አብሩ፣ ከላይ አጥፉ፣ ከታች አብሩ፣ ከላይ አጥፉ። ሦስት ቦታ ከሆነ አቀማመጡ ስምንት ይሆናል።

አንዱ ማብሪያ የሚሠራው ሌላው በአንድ ጎን ሲሆን ብቻ ከሆነ፣ በአንደኛው ማብሪያ ኮመንና አገናኝ ተቀያይረዋል። ይህ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥም ነው። ብሬከሩን አውርዳችሁ ኮመኑን እንደገና ለዩ። ኢንተርሚዲየት ያለበት መስመር በአንዳንድ አቀማመጥ ላይ ጨርሶ አልበራ ካለ ደግሞ ወገኖቹ ተደባልቀዋል።

ሌላው የኤልኢዲ ነገር ነው። መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ደብዘዝ ብሎ ያበራል ወይም ብልጭ ድርግም ይላል። መጀመሪያ ኒውትራል በማብሪያ በኩል እየተቆረጠ እንዳይሆን አረጋግጡ፤ ያ ከሆነ የሽቦው ሥራ ስህተት ነው፣ መታረም አለበት። ማብሪያው ላይ ትንሽ ጠቋሚ መብራት ካለም እሷ በምታሳልፈው ጥቂት ኃይል ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ካልሆነ ምክንያቱ ራሳቸው አገናኞቹ ናቸው። አንዱ ፌዝ ይዞ ከሌላው ጎን ለጎን ረጅም መንገድ ሲሄድ፣ ሳይነካው ጥቂት ኃይል ያጋባበታል። ርካሽ ኤልኢዲ በዚያ ጥቂት ኃይል ይነቃል። ብዙ ጊዜ የተሻለ አምፖል ሲገባ ይቆማል። ካልቆመ ከአምፖሉ ጎን ለጎን የሚታሰር ለዚሁ የተሠራ ትንሽ ካፓሲተር አለ፤ ባለሙያ ይግጠመው።

ማብሪያው ሲጫኑት ጢስ ጢስ ከሸተተ ወይም ፊቱ ከሞቀ ብሎን ላልቷል። ነገ የሚባል ነገር አይደለም፤ ያኔውኑ ብሬከር አውርዱ።

የጋራ ደረጃ ላላቸው

ጂ+4 ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ይህን አዘረጋግ መሥራት ይቻላል። አምስት ወለል ነው፤ ሁለት ቱ ዌይ፣ ሦስት ኢንተርሚዲየት። እኔ ግን ለጋራ ደረጃ አልመክረውም። የሚያበራ ብዙ፣ የሚያጠፋ ጥቂት ነው፣ የጋራ ቆጣሪው ሒሳብም ኮሚቴውን ከነዋሪው ያጋጫል። ለዚያ የሚሻለው በየወለሉ ተጭኖ የሚመለስ ቁልፍና በብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ የደረጃ ታይመር ነው። ቁልፎቹ ሁሉ ጎን ለጎን ይታሰራሉ፤ ማንም ከየትኛውም ወለል ሲጫን የደረጃው መብራት ይበራል፣ ከተወሰኑ ደቂቃዎች በኋላ በራሱ ይጠፋል። ደቂቃውን ስትሞሉ እንደ ሕንፃው ፈጣን ሰው አታስቡ። አምስተኛ ወለል ድረስ አስቤዛ ይዘው እያረፉ በሚወጡ አንድ ባልቴት እርምጃ ለኩት።